ሌሊት ሲነቁ እይታዎ ተለውጦ ቢያገኙት ምን ያደርጋሉ?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ውጭ አገር ከምትኖረው እህቴ መልእክት ገብቶ ስልኬ በራ። በግራ ጎኔ እንደተኛሁ ስልኩን ከፊቴ አቅርቤ አነበብኩት፤ ከዚያም ወዲያ ወዲህ ሳገላብጥ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ስልኩን ደፍቼ ውኃ ለመጠጣት ቀና ስል ቀኝ ዓይኔ ከነጭራሹ የሌለ ሆነብኝ። በግራ ዓይኔ የመስኮቱ ክፈፍ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ነጠላ፣ የወንበሩ መደገፊያ ይታየኛል፤ ግራውን በመዳፌ ስሸፍነው ግን ከፊቴ ያለው ከሰል የመሰለ ጨለማ ብቻ ነበር። ደጋግሜ ዓይኔን አርገበገብኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ደንግጬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት፤ እሱ መብራቱን ሲያበራው በሁለቱም ዓይኖቼ እኩል አየሁ።

በማግስቱ ያማከርኳት የዓይን ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በየትኛው ጎንዎ ተኝተው ነበር?» ብላ ነው። ለምን እንደጠየቀችኝ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዋ ደግሞ «ዓይኖችዎን ተራ በተራ ሸፍነው አይተዋል?» የሚል ነበር። በድንጋጤ መካከል ሳላስበው ያደረግሁት ያ ነገር ከብዙ ምርመራና ከብዙ ሥጋት አዳነኝ። ሌሊት ላይ የሚያጋጥም የእይታ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ ጥቂቱ ደቂቃ እንኳ የማይሰጥ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ፍተሻ ደግሞ ያለ መሣሪያ፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ነው።

ፍተሻው እንዴት ይደረጋል?

ነቅተው እይታዎ እንደተለወጠ ሲሰማዎት ከአልጋዎ ዘለው አይነሡ። ቀስ ብለው ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎን መሬት ያስነኩ፣ ከዚያም ሰዓት ይመልከቱ። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው 2 ደቂቃን እንደ ግማሽ ሰዓት ስለሚቆጥር፣ ለውጡ የጀመረበትንና ያበቃበትን ደቂቃ በሰዓት ይዞ መገኘት ለሐኪም ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይጠቅማል።

ቀጥሎ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ይምረጡ፤ የመስኮት ጠርዝ ወይም የቁም ሣጥን ማዕዘን ይበቃል። አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ጎድጓዳ ክፍል ሳይጫኑ ይሸፍኑና በሌላው ይመልከቱ፤ ከዚያ እጅዎን ያዛውሩ። «ሳይጫኑ» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓይን ሲጫን በራሱ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል፣ የብርሃን ብልጭታም ያሳያል፤ ክንድ ላይ ተደፍቶ የተኛ ሰው ሲነሣ አንድ ዓይኑ የሚደበዝዝበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ዓይኖችን ለየብቻ ማየት ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው የችግሩን ቦታ ስለሚያመለክት ነው። ለውጡ አንዱ ሲሸፈን የሚጠፋና ሌላው ሲሸፈን የሚመለስ ከሆነ፣ ነገሩ ያለው ሲሸፈን ለውጡ በሚጠፋበት ዓይን ውስጥ ወይም ያንን ዓይን በሚመግበው የደም ሥር ላይ ነው። የትኛውም ቢሸፈን የማይለወጥ ከሆነ ግን ምንጩ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ዓይኖች በስተኋላ፣ ከአንጎል በኩል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ቀኝ ዓይኔ ጠፋ» ብሎ የሚመጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ የጠፋው ቀኝ ዓይኑ ሳይሆን የሁለቱም ዓይኖቹ የቀኝ ግማሽ እይታ ሆኖ ይገኛል፤ ሳይሸፍኑ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የሚያስከትሉት ምርመራና ሕክምና ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓይን ሲመለከቱ የመስኮቱ ግራ ጠርዝም፣ ቀኝ ጠርዝም፣ ላዩም፣ ታቹም መታየቱን ያረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ መብራት ያብሩና ተራ በተራ መሸፈኑን ይድገሙት። ጨለማ ውስጥ ጠፍቶ የነበረው እይታ መብራት ሲበራ እኩል ከሆነ፣ ስለ ስልክና ስለ ጨለማ የምጽፈውን ቀጣይ ክፍል በእርጋታ ማንበብ ይችላሉ። ብዥታው መብራት በርቶም ካለና ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ነገሩ ከዓይን የላይኛው ገጽ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም። በአምፖሉ ዙሪያ የቀስተ ደመና ክብ ከታየዎትና ዓይንዎን ወይም ግንባርዎን የሚያምዎት ከሆነ ግን፣ ሌላውን ትተው ስለ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ስለሚጨምርበት ሕመም) የሚናገረውን «ሌሊቱን መጠበቅ የማይገባው ጊዜ» የሚለውን የዚህን ጽሑፍ ክፍል ያንብቡ።

በመጨረሻም አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ይቀራል። መስታወት ፊት ፈገግ ይበሉና የአፍዎ አንድ ወገን ወድቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው እስከ 10 ይቁጠሩ፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይናገሩ። የአፍ መጣመም፣ የአንድ እጅ ዝቅ ማለት ወይም የንግግር መኮላተፍ ከታየ የስትሮክ ምልክት ነውና ጽሑፉን ማንበብዎን አቁመው እርዳታ ይጥሩ።

ስልኩ፣ ትራሱና ጨለማው

ሐኪሟ በየትኛው ጎኔ እንደተኛሁ የጠየቀችኝ ግራ ዓይኔ ትራስ ውስጥ ተቀብሮ እንደነበር ገምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በለንደን የሚሠሩ ሐኪሞች የሁለት ሴቶችን ታሪክ አሳትመው ነበር፤ አንዷ የ22፣ ሌላዋ የ40 ዓመት ሴት ናቸው። ሁለቱም ጨለማ ውስጥ በተደጋጋሚ አንድ ዓይናቸው ለደቂቃዎች እየጠፋባቸው፣ የተደረገላቸው ምርመራም ምንም ሳያሳይ ቆይቷል። ኋላ በየትኛው ዓይናቸው እንደሚያዩና በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ ልብ እንዲሉ ሲጠየቁ ሚስጥሩ ተፈታ፤ የሚጠፋው ዓይን ሁልጊዜ ስልኩን ሲመለከት የነበረው፣ ትራስ ያልሸፈነው ዓይን ነበር።

የሚሆነው እንዲህ ነው። በዓይናችን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ሬቲና ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉት። ሾጣጣዎቹ ለቀንና ለቀለም የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ዘንግ መሰሎቹ ደግሞ ለጨለማ ናቸው። ዘንግ መሰሎቹ የሚሠሩት ሮዶፕሲን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ብርሃን ሲመታው ይህ ንጥረ ነገር ይፈርሳል፣ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ቀስ በቀስ ይገነባል። ሾጣጣዎቹ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጨለማን ሲላመዱ፣ ዘንግ መሰሎቹ ሙሉ ኃይላቸውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። እንግዲህ አንዱ ዓይን ትራስ ውስጥ ተሸፍኖ ጨለማውን ተላምዶ ሳለ ሌላው የስልክ ብርሃን ሲጠጣ ቆይቶ ስልኩ ሲጠፋ፣ አንዱ የሌሊት፣ ሌላው የቀን ዓይን ሆነው ይገናኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፍተኛ ስለሆነ፣ አንጎል የቀኑን ዓይን «ታውሯል» ብሎ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ዓይኖች አብረው ስልክ አይተው ቢሆን ኖሮ እኩል ይደበዝዙ ስለነበር ልዩነቱን ልብ የሚለው ሰው ባልኖረ ነበር።

ይህን ራስዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ማታ መብራት አጥፍተው፣ አንዱን ዓይንዎን በመሀረብ ሸፍነው፣ በሌላው 10 ደቂቃ ስልክዎን ያንብቡ፤ ከዚያም ስልኩን አጥፍተው መሀረቡን ያንሡና ዓይኖችዎን ተራ በተራ ይክፈቱ። ያንኑ ስሜት ካገኙ፣ ሌሊት ያስደነገጥዎ ነገር ምን እንደነበር አወቁ ማለት ነው። ለወደፊቱ የሚያስፈልገው ሕክምና ሳይሆን የልማድ ለውጥ ነው፤ ስልክ ማየት ግድ ከሆነ በጀርባ ተኝተው ወይም ቁጭ ብለው በሁለቱም ዓይን ይመልከቱ፣ የስክሪኑን ብርሃንም ይቀንሱ።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ነገር ላክል። ጨለማ ውስጥ ትክ ብለው ሲያዩት የሚጠፋ፣ ከጎኑ ሲያዩት ደግሞ የሚታይ ነገር ካለ አይደንግጡ፤ የሬቲናው መሐል ዘንግ መሰል ህዋሳት ስለሌሉት ደብዛዛ ነገር ሁልጊዜ በጎን በኩል ይሻላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ከማብራትዎ በፊት አንዱን ዓይንዎን ጨፍነው እስኪመለሱ ድረስ ካቆዩት፣ መብራቱን አጥፍተው ሲወጡ ያ ዓይን መንገዱን ያሳይዎታል፤ በተለይ ለአረጋውያን ከመደናቀፍ የሚያድን ዘዴ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ብርሃን ከመመልከት በኋላ ለመጣ፣ መብራት ሲበራ ለሚጠፋና በጥቂት ደቂቃዎች ለሚያበቃ ለውጥ ብቻ ነው። ስልክ ሳይነኩ አንድ ዓይን ቢጠፋ ወይም መብራት በርቶም ጨለማው ካልተነሣ፣ በስልክ አያሳብቡ።

የዓይን ገጽ ሲደርቅና ሲላጥ

ብዥ ብሎ መንቃት ከሁሉም የተለመደው ነው። ስንተኛ እንባ ይቀንሳል፤ ቅባትና ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ዓይናችን ላይ ይጠራቀማል፤ ጥቂት ሲያርገበግቡ ይጠራል። የዓይን ቆባቸው ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም የሚተኙ፣ ቬንቲሌተር ወይም ኤርኮንዲሽነር ፊታቸው ላይ እየነፈሰ የሚያድሩ ሰዎች ብዥታውም ማቃጠሉም ይጠናባቸዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ማቀዝቀዣ እያስነፈሱ ለሚያድሩ ወገኖቼ በተለይ የምለው የአየሩን አቅጣጫ ከፊታቸው እንዲያዞሩ ነው። ከመኝታ በፊት እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ፣ ደረቅነቱ ከባድ ለሆነባቸው ደግሞ የዓይን ቅባት ይረዳል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ከነሌንሱ መተኛት የለባቸውም፤ ሌንስ አድርገው አድረው ዓይናቸው ቀልቶ፣ አሟቸውና ደብዝዞባቸው ከነቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው፤ ቁስለቱ በፍጥነት ስለሚከፋ ነው።

ከዚህ ለየት የሚለው፣ ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ዓይን ሲከፈት እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም፣ የእንባ መውረድና ብዥታ ነው። እንዲህ የሚሆንባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ዓይናቸውን በሕፃን ጥፍር፣ በወረቀት ጠርዝ ወይም በቅርንጫፍ የተጫሩ ናቸው። ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ ጭረቱ ላይ አዲስ ቆዳ ቢያበቅልም ቆዳው ከሥሩ በደንብ ሳይያዝ ይቀራል፤ ሌሊት ከደረቀው የዓይን ቆብ ጋር ይጣበቅና ዓይን በድንገት ሲገለጥ ተላጦ ይነሣል። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ሲነቃ ዓይኑን ቶሎ አይክፈት። ዓይኖችዎን ጨፍነው እያሉ ኳሱን ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ እንባ መሙላቱ ሲሰማዎት ብቻ በዝግታ ይግለጡ። ከአልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የእንባ ጠብታና ማታ ማታ ለወራት የሚቀባ ቅባት ብዙዎችን ያድናል፤ እየተመላለሰ ከሆነ ግን የዓይን ሐኪም ሌሎች መፍትሔዎች አሉት።

በየማለዳው ደብዝዞ ነቅቶ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚጠራ፣ ከወር ወር ግን የሚጠራበት ጊዜ እየረዘመ የሚሄድ እይታም ከኮርኒያ ሊመጣ ይችላል። ዓይን ተጨፍኖ ሲያድር ኮርኒያ በማንም ላይ ጥቂት ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃውን የሚያወጡት የውስጥ ህዋሳት ሲደክሙ ግን ብዥታው እስከ ረፋድ ይዘልቃል። አስቸኳይ ባይሆንም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ለሚያቃጥል ወይም ለሚቀላ ዓይን በጎረቤት ምክር የእናት ጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ምክሩ ከፍቅር የሚመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የተላጠ ኮርኒያ ላይ ግን ጀርም የሚገባበት በር ይከፍታልና እባክዎ አያድርጉት። ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መጠቀምም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ኢንፌክሽንን ሊያባብስና የዓይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል።

ሲነሡ የሚጨልም፣ በስኳርና በመድኃኒት የሚለወጥ እይታ

ከአልጋ ድንገት ሲነሡ ዓይን ጥቁር የሚልብዎት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሆነና በሁለቱም ዓይን ከሆነ፣ የደም ግፊት ለአፍታ መውረዱ ነው። ቁጭ ብለው አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ሰዎች ይህ ከተደጋገመባቸው መድኃኒቱን በራሳቸው ሳያቋርጡ የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። እንዲህ ያለው የሰከንዶች መጨለም ተኝቶ ከሚብስ ራስ ምታትና ከጆሮ ውስጥ ትርታ ጋር ከመጣ ግን በጭንቅላት ውስጥ ያለ ግፊት መጨመሩን ሊያመለክት ስለሚችል የዓይን ነርቭ መታየት አለበት።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ እንክብል የሚወስድ ሰው በላብ ተጠምቆ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ብዥ ብሎ ከነቃ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ በሻይ ማንኪያ 4 ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ።

ለስንፈተ ወሲብ ለወንዶች የሚታዘዘው ሲልዴናፊል (ቪያግራ) አንዳንዶች ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሁሉንም ነገር ሰማያዊ ያስመስላል፤ መድኃኒቱ ከሚያግደው ኢንዛይም ጋር የሚመሳሰል፣ በሬቲና ላይ ያለ ኢንዛይም ስለሚነካ ነው። ይህ ያልፋል፤ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው አንድ ዓይኑ ከጠፋበት ግን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። በዚህ ጉዳይ ማፈር ብዙ ሰው ስለሚያዘገይ ነው በግልጽ የምጽፈው።

የሌለ ነገር ማየት፣ ዱካክ

ነቅተው ግድግዳው ላይ ሸረሪት ሲሄድ፣ ጣሪያው ላይ መረብ ተዘርግቶ፣ ወይም አልጋው ግርጌ ሰው ቆሞ ያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። እንቅልፍ ሲለቅ አንጎል ሁሉም ክፍሉ በአንድ ጊዜ አይነቃም፤ ሕልም የሚሠራው ክፍል ገና ሳይዘጋ ዓይን ከተገለጠ፣ ሕልሙ መኝታ ቤቱ ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ ይታያል። መብራት ሲበራ ይጠፋል። ሰውነት አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ደረት ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ መስሎ፣ ጥቁር ጥላ እየቀረበ የሚታይበት ደግሞ በአገራችን ዱካክ የምንለው ነው። በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ጡንቻዎች የሚሽመደመዱት ሕልማችንን በአካል እንዳንፈጽመው ሲሆን፣ ዱካክ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ጡንቻዎቹ ገና ሳይለቀቁ ሲቀሩ የሚፈጠር ነው። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሲያቋርጡ ዱካክ እንደሚበረታባቸው ይናገራሉ፤ የታፈነው የሕልም እንቅልፍ አነቃቂው ሲቀር በርትቶ ስለሚመለስ ነገሩ ምክንያት አለው።

በዚያች ቅጽበት መላ ሰውነትን ለማንቀሳቀስ ከመታገል ይልቅ አንድ የእግር ጣት ወይም ምላስን ለማንቀሳቀስ መሞከር፣ ትንፋሽንም ቀስ አድርጎ መሳብ ይሻላል። በጀርባ የሚተኙ ሰዎች ላይ ስለሚበዛ በጎን መተኛት፣ እንቅልፍን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማድረግና በቂ መተኛት ይቀንሰዋል። ጸበልና ጸሎት የሚያጽናናው ሰው በእሱ ይጽና፤ ከዚህ ጋር ግን የእንቅልፉን ሰዓት ያስተካክል። ምስሎቹ ቀን ቀንም የሚታዩ ከሆነ፣ ወይም ቀን ድንገተኛ የማይቋቋሙት እንቅልፍ የሚጥል ከሆነ ሐኪም ይየው። በዓይን ሞራ ወይም በሌላ ምክንያት እይታቸው የደከመ አረጋውያን ሰዎችንና ጥለቶችን ሲያዩ ደግሞ አእምሯቸው ተነካ ብለው አይደምድሙባቸው፤ ማየት የተራበ አንጎል ራሱ ምስል እየፈጠረ ሊሆን ይችላል።

ዳፍንት ከዚህ ሁሉ የተለየ መሆኑን በአጭሩ ልግለጽ። ዳፍንት ያለበት ሰው ሲነቃ ብቻ ሳይሆን ከመሸ ጀምሮ በየምሽቱ ይደናቀፋል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ላይ ሲታይ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሌሊቱን መጠበቅ የማይገባው ጊዜ

አክስቴ መብራት በጠፋ ምሽት ሻማ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል ትል ነበር። ግንባሯን ከግራ ዓይኗ በላይ ይዛ፣ ሆዷ ተገላብጦ አስመለሳት። ምች መታት ብለን ዳማከሴ ጨምቀን ሰጠናት፤ ተኛች፤ ጠዋት ደህና ሆና ተነሣች። ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስባት የሄደችበት ጤና ተቋም የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ሸኛት። ሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ አላሻለውም፤ የዓይን ሆስፒታል ስንደርስ ግራ ዓይኗ ቀልቶ፣ ብሌኑ ሰፍቶ ደርቆ ነበር። ጠብታና መድኃኒት ተሰጥቷት፣ በሁለቱም ዓይኖቿ አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) ላይ በሌዘር ቀዳዳ ተሠርቶላት ተረፈች፤ የግራ ዓይኗ የጎን እይታ ግን አልተመለሰም።

ይህ ድንገተኛ ግላኮማ ነው። ጨለማ ብሌንን ያሰፋል፤ በአንዳንድ ሰዎች ዓይን፣ በተለይ በዕድሜ በገፉና የሩቅ እንጂ የቅርብ በማይታያቸው ሰዎች ዓይን፣ የሰፋው ብሌን ፈሳሽ የሚወጣበትን ጠባብ መንገድ ይዘጋና ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ይንራል። እንቅልፍ ብሌንን ስለሚያጠብ ጥቃቱ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይለቃል፤ አክስቴን ያዘናጋን ይኸው ነበር። በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና፣ የዓይን ወይም የግንባር ሕመምና ማቅለሽለሽ አብረው ከታዩ፣ ዓይንዎን አይሸፍኑ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥም አይተኙ፤ መብራቱን እንዳበሩ በዚያው ሌሊት የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። ሕመሙ ለቆ ቢያድር እንኳ በማግስቱ ይመርመሩ። አለርጂና ጉንፋን የሚያስታግሱ አንዳንድ መድኃኒቶች ብሌን ስለሚያሰፉ የወሰዱትን ይናገሩ።

እንደ መጋረጃ ከላይ ወይም ከጎን መጥቶ አንድ ዓይንን የሚሸፍን ሕመም የሌለው ጨለማ፣ በ5 ደቂቃ ቢገለጥም፣ ደም ወደ ዓይን መሄዱ ተቋርጦ እንደነበር ያሳያል፤ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ እንደ ስትሮክ ይታያል። የሁለቱም ዓይኖች ግማሽ እይታ በድንገት መጥፋቱም እንዲሁ ነው። እንዲህ ሲሆን መነጽር ቤት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው ሕክምና ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበሩበትን ሰዓት ለሐኪም ይንገሩ። በሌላ በኩል፣ ከመሐል ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋ፣ የሚንቦገቦግና የተሰነጠቀ መስመር የሚመስል ብርሃን በሁለቱም ዓይን ታይቶ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚያልፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማይግሬን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ግን ራሱ ማይግሬን ነው ብሎ አይወስን።

ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ሆኖ በጆሮ ግንድ አካባቢ አዲስ ራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመምና አልፎ አልፎ የሚጠፋ እይታ ያላቸው ሰዎች በዚያው ቀን መታየት አለባቸው፤ ምክንያቱ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል፣ ካልታከመ ሁለተኛውንም ዓይን ሊወስድ ይችላል። ጨለማ ውስጥ የሚታይ ብልጭታ ከአዳዲስ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም ከጎን ከሚመጣ ጥላ ጋር ከሆነ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ያልታወቀ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ ጠጥቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ ጭጋግ ውስጥ ያለ ያህል እያየ የነቃ ሰው ደግሞ በሜታኖል ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ስካር ነው ተብሎ ሳይተኛ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ፤ አብረውት የጠጡትም ይነገራቸው።

ራስዎ መኪና አይንዱ። አምቡላንስ ለመጥራት በኢትዮጵያ የቀይ መስቀሉ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በሳዑዲ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ነው።

ለሐኪም የሚያሳዩት ማስታወሻ

ምልክቱ ካለፈ በኋላ ዓይን ሲመረመር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ሐኪሙ የሚመራው እርስዎ በጻፉት ነው። ከአልጋዎ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ ያስቀምጡና ሳይነጋ ይጻፉ፤ የእኔ የዚያን ሌሊት ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦ «ከሌሊቱ 9፡10። ቀኝ ዓይን ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ግራው ደህና። በግራ ጎኔ ተኝቼ ስልክ አይቻለሁ፣ 15 ደቂቃ ያህል። መብራት ሲበራ እኩል ሆነ። መብራቱ ጠፍቶ እንደገና ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ፣ 9፡25 ላይ የለም። ሕመም የለም፣ ራስ ምታት የለም፣ እጅና ንግግር ደህና። ማታ የወሰድኩት መድኃኒት የለም።»